ያልተለቀቀ ፍላጻ ዋጋው ስንት ነው?

ባለፈው ወር አንድ ቅዳሜ ማታ የጓደኛዬን ቀስተኛ ገደልኳት። በሰይፍ አይደለም፣ በመርዝም አይደለም። በደንብ ነው የገደልኳት። ቃሉን በሁለቱም ትርጉሙ ውሰዱት።

ለማታውቁት ከመጀመሪያው ልጀምር። አምስት ጓደኛሞች ነን፤ በየሳምንቱ ቅዳሜ ከሰዓት አንዳችን ቤት ተሰብስበን ዳንጀንስ ኤንድ ድራገንስ እንጫወታለን። ስክሪን የለውም፤ ወረቀት፣ እርሳስ፣ ዳይስና ወሬ ነው። እያንዳንዱ ተጫዋች አንድ ገጸ ባሕርይ ይይዛል፤ አንዱ ደግሞ ጌም ማስተር ሆኖ ዓለሙን ይተርካል፣ ጠላቶቹን ያንቀሳቅሳል፣ ክርክር ሲነሳ ይዳኛል። ያ ሰው እኔ ነኝ። ጌሙን ጋሪ ጋይጋክስና ዴቭ አርነሰን የሚባሉ ሁለት አሜሪካውያን በፈረንጆቹ 1974 አወጡት፤ እኛ ጋ የደረሰው በፒዲኤፍ ነው። ዋናው የደንብ ሰነድ በ2023 በነፃ ፈቃድ ስለተለቀቀ፣ የእኛን የሚያህል ኪስ ያለው ሰውም በሕጋዊ መንገድ ሊጫወተው ይችላል። ዳይስ የሌለው በስልኩ አፕ ይጥላል።

እኔ ኢኮኖሚክስ ተመርቄ ቋሚ ሥራ ሳላገኝ እዚህም እዚያም የምጽፍ ሰው ነኝ። በሳምንቴ ውስጥ ሰዓቱ የታወቀ ነገር ቢኖር ይቺ ቅዳሜ ናት። ቀስተኛዋን የምትጫወተው ልጅ ነርስ ናት፤ አዳር ተረኛ ስትሆን ዓይኗ ቀልቶ ነው የምትመጣው፤ ግን ትመጣ ነበር። ከዚያ ማታ በኋላ ሁለት ቅዳሜ ቀረች። ቴሌግራም ግሩፓችን ላይ “ተረኛ ነኝ” ብላ ጻፈች። ተረኛ እንዳልነበረች ሁላችንም እናውቃለን። አምስት ሰው ያለው ጠረጴዛ አንድ ሲጎድል አራት አይሆንም፤ ትንሽ ቆይቶ ዜሮ ነው የሚሆነው። የዩኒቨርሲቲ ጓደኝነት እንዴት እንደሚያልቅ ያየ ሰው ይህን አይከራከረኝም።

ሁኔታው እንዲህ ነበር። የጠላት ጦር አለቃ ድልድይ ጫፍ ላይ ቆሟል። ሰዎቹ ከማዶ እስኪደርሱለት ጊዜ መግዛት ብቻ ነው የሚፈልገው፤ ስለዚህ አልተኮሰም፣ ተራውን በሙሉ ለማምለጥ አዋለው። በጌሙ ደንብ “ዶጅ” ይባላል፦ እስከሚቀጥለው ተራህ ድረስ የሚያጠቃህን ሰው እያየኸው ከሆነ፣ አጥቂው ባለ 20 ፊት ዳይሱን ሁለቴ ጥሎ ትንሹን ቁጥር ይይዛል። ቀስተኛዋ ሃያ ሜትር ገደማ ርቃ ቆማለች። ኮሮጆዋ ውስጥ የቀራት ፍላጻ አንድ ነው።

“ቀስቴን እስበውና የለቀቅኩ አስመስላለሁ” አለች። “እሱ ጎንበስ ይላል። ቀና ሲል ያኔ ነው የምለቀው።”

“በደንቡ የለም” አልኳት።

“ምን ማለት ነው የለም?”

“ሽወዳ እጅ ለእጅ ለተጠጋ ሰው ብቻ ነው። ከሩቅ አይሠራም።”

ሌላ ምንም ሳትል ሁለቱን ዳይስ ጣለች። 17 እና 4። ለመምታት 10 ያስፈልጋት ነበር፤ የተያዘው 4 ሆነ፣ ፍላጻው ወንዝ ገባ። በሚቀጥለው ተራ የአለቃው ሰዎች ደረሱ። ያንን አልተርክም። ስድስት ወር የተጫወተችባት ገጸ ባሕርይ ናት፤ ወረቀቷ ጠርዙ ተበልቶ ቡና ፈሶበታል። ነርሷ ወረቀቱን አጠፈችና ቦርሳዋን አንስታ በሩ ጋ ስትደርስ ዞራ፣ “አንተ ግን ጉግስ አይተህ አታውቅም እንዴ?” አለችኝ።

አይቼ አላውቅም ነበር። የከተማ ልጅ ነኝ።

እሷ ቤተሰቦቿ ከአዊ ናቸው። በየዓመቱ ጥር 23 እንጅባራ ላይ ፈረሰኞች በሚሰበሰቡበት በዓል አጎቷ ይጋልባሉ። በዚያ ሳምንት ዩቲዩብ ላይ ያለውን የጉግስ ቪዲዮ ዳታዬ እስኪያልቅ አየሁት። አንዱ ይሸሻል፣ ሌላው ዘንግ ይዞ ያሳድዳል። ሸሺው ጋሻውን ወደ ጀርባው አዙሮ ይመክታል፣ ወይም ፈረሱ አንገት ላይ ተለጥፎ ዘንጉን በላዩ ያሳልፈዋል። አሳዳጁ የያዘው ዘንግ ከተወረወረ ተወረወረ ነው፤ ተመልሶ አይመጣም። ስለዚህ ክንዱን ወደ ኋላ ስቦ ይሰነዝርና አይለቅም። ሸሺው ጋሻውን ወደ ቀኝ ሲያነሳ ግራው ይከፈታል። በቀስታ አድርጌ ደጋግሜ ያየሁት አንድ ቪዲዮ ላይ፣ ክንዱ ሁለቴ ወደፊት ሄዶ በሦስተኛው ነው ዘንጉ የወጣው።

እንግዲህ ከሩቅ መሸወድ አለ። ታዲያ ደንቡ ውስጥ ለምን የለም?

መጻሕፍቱን አገላበጥኩ። በእርግጥም ነገሩ የእኔ ግትርነት ብቻ አልነበረም። የዲ ኤንድ ዲ 3.5 እትም (2003) ሽወዳን በግልጽ ይደነግጋል፦ የማታለል ችሎታህን ከባላጋራህ የመንቃት ችሎታ ጋር ታወዳድራለህ፣ ካሸነፍክ ባላጋራህ ቅልጥፍናው የሚሰጠውን መከላከያ ያጣል። ግን የሚያጣው ለሚቀጥለው የእጅ ለእጅ ምት ብቻ ነው። በ2014ቱ አምስተኛ እትም ተዋጊው ሊመርጠው የሚችል የሽወዳ ስልት አለ፤ እሱም ባላጋራህ በአምስት ጫማ ውስጥ ካልሆነ አይሠራም። ፓዝፋይንደር ሁለተኛ እትም ላይም ሽወዳ ክንድህ ከሚደርስበት አያልፍም። ገርፕስ የተባለው፣ ሁሉን ነገር በሦስት ባለ ስድስት ፊት ዳይስ የሚያሰላ ጌም፣ በዋናው መጽሐፉ ሽወዳን ለእጅ ለእጅ ብቻ ትቶ ነበር፤ ማርሻል አርትስ በተሰኘው የ2007 ተጨማሪ መጽሐፉ ግን ለቀስተኛና ለተኳሽም ፈቀደ። እዚያው ሌላ የምወደው ደንብ አለ። ባላጋራህ ወዴት እንደሚያመልጥ ገምተህ ትተኩሳለህ፤ ከራስህ ዒላማ ላይ 2 በቀነስክ ቁጥር ከእሱ የማምለጥ ዕድል 1 ይቀነሳል። ርካሽ አይደለም፣ ግን ሽያጭ ላይ አለ።

የዲ ኤንድ ዲ ጸሐፊዎችን ለመከላከል ያህል አንድ ነገር ልበል። የጦርነት ጌም ሲጻፍ ርቀት ትልቅ ጥቅም ነው፤ ጠላት ሳይደርስብህ ትመታለህ። ለእጅ ለእጅ ተዋጊው አንድ ሁለት ብልሃት ካልተተወለት ሁሉም ሰው ቀስተኛ ይሆናል። የእኛ ጠረጴዛ ላይ ኢንጂነሩ (ጦረኛ ነው የሚጫወተው፣ በሥራም በጨዋታም ደንብ አክባሪ) ይህንኑ ነው ያለኝ፦ “ለሷ ሽወዳ ከሰጠሃት እኔ ጦሬን ልሽጠው።”

ፊዚክሱም ቢሆን መታየት አለበት። ሰው አይቶ ለመንቀሳቀስ ሩብ ሰከንድ ገደማ ይፈልጋል። ፍላጻ በሰከንድ 50 ሜትር አካባቢ ይበራል ብንል፣ ሃያ ሜትር ለመሄድ 0.4 ሰከንድ ይፈጅበታል። ጠባብ ነው፣ ግን ጎንበስ ለማለት ይበቃል። የሽጉጥ ጥይት በሰከንድ 350 ሜትር ስለሚሄድ ያንኑ ርቀት ከ0.06 ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይጨርሰዋል። ጥይትን ማንም አይቶ አያመልጥም። የሚያመልጠው ከተኳሹ ዓይንና ትከሻ ነው፤ ገና ሳይተኮስ። ሽወዳ የሚሠራውም እዚህ ላይ ነው፤ አምላጩ ፍላጻውን ሳይሆን ሰውየውን ነው የሚያነበው። ፐብጂ የምትጫወቱ ይህን ታውቁታላችሁ። ከግድግዳ ጀርባ ብቅ ብሎ መመለስ፣ ያኛው ጥይቱን እንዲጨርስ ማድረግ፣ ሪሎድ ሲያደርግ መውጣት። ማንም ደንብ አላስተማራችሁም።

እሺ፣ ደንብ እንጻፍ ብዬ ተቀመጥኩ። ቀላሉ ሐሳብ ይሄ ነበር፦ አንድ ተራህን ለሽወዳ ታውላለህ፣ ከተሳካ በሚቀጥለው ተራ ሁለት ዳይስ ጥለህ ትልቁን ትይዛለህ። ጥሩ ይመስላል አይደል? ሒሳቡን እስክሠራው ድረስ ለእኔም ጥሩ ይመስለኝ ነበር።

ቀስተኛዋ ለመምታት 10 እና ከዚያ በላይ ነው የምትፈልገው፤ ይህ 55 በመቶ ነው። ሁለት ዳይስ ጥላ ትልቁን ስትይዝ 80 በመቶ ገደማ ይሆናል። ሽወዳው በእርግጠኝነት ይሳካ ብንል እንኳ በሁለት ተራ የምታገኘው በአማካይ 0.80 ምት ነው። ሽወዳውን ትታ ሁለቴ ብትተኩስስ? 0.55 ሲደመር 0.55፣ 1.10 ምት። ቁጥሩን ብትቀይሩትም ውጤቱ አይቀየርም። ለምን መሰላችሁ? በሁለቱም መንገድ ሁለት ዳይስ ነው የምትጥሉት፤ ሁለቴ ስትተኩሱ ግን ሁለቱም ይቆጠራሉ፣ ስትሸውዱ አንዱ ብቻ። ባላጋራው እያመለጠ ቢሆንም ያው ነው፦ ሁለት ፍላጻ በ30 በመቶ 0.60 ይሰጣል፣ የተሳካ ሽወዳ ማምለጡን ቢያፈርስበትና በ55 በመቶ ብትተኩስ 0.55። ይህን ስህተት ከእኔ በፊት ጌሙ ራሱ ሠርቶታል። በ2014ቱ እትም “ትሩ ስትራይክ” የሚባል አስማት ተራህን ወስዶ ለሚቀጥለው ምት ሁለተኛ ዳይስ ይሰጥሃል። ተጫዋቾች ለዓመታት ሲቀልዱበት ኖረው፣ በ2024ቱ እትም ከሥሩ ተቀይሮ ራሱ ምት ሆነ።

ትምህርት ቤት ኦፖርቹኒቲ ኮስት የሚባለውን ሲያስተምሩን በእርሻና በፋብሪካ ነበር። በቀስት ቢያስተምሩን ኖሮ አንድ ሴሚስተር እቆጥብ ነበር።

ታዲያ የጉግሱ ፈረሰኛ ሞኝ ነው? አይደለም። እሱ በእጁ ያለው አንድ ዘንግ ነው። እጥረቱ የተራ ሳይሆን የዘንግ ነው፤ ሒሳቡ መሠራት ያለበትም በዘንግ ነው። የእኛም ቀስተኛ የቀራት አንድ ፍላጻ ነበር። በአንድ ፍላጻ ሲታሰብ፣ አሁን ወደሚያመልጥ ሰው መልቀቅ 30 በመቶ ነው፤ ሸውዶ ሚዛኑን ሲስት መልቀቅ እስከ 80 በመቶ። ያን ማታ የከለከልኳት ልዩነት ይህ ነበር። አንብቤው ዝም ብዬ ተቀመጥኩ።

ሁለተኛው ነገር የገባኝ ኮል ኦፍ ክቱሉ የተባለውን ጌም ሰባተኛ እትም ሳነብ ነው። እዚያ ጥይት አይመለጥም፤ ግን መሬት ላይ መወርወር ትችላለህ። ከተሳካልህ ተኳሹ ይከብደዋል፤ በምላሹ አንተ የሚቀጥለውን ምትህን ታጣለህ። ወገኖቼ፣ ዋናው ይሄ ነው! ማምለጥ ዋጋ ሲኖረው ብቻ ነው ሽወዳ ትርጉም የሚኖረው። አለበለዚያ ባላጋራህ ሁልጊዜ ይጎነበሳል፣ ምን ይከፍላል? ገርፕስ ላይ አንድ ሰው በአንድ ተራ የፈለገውን ያህል ጊዜ ማምለጥ ይችላል። የእኛው ዲ ኤንድ ዲ ላይ ደግሞ አለቃው ተራውን አንዴ ከከፈለ በኋላ የሚመጣበትን ፍላጻ ሁሉ በዚያው ዋጋ ነው የሚያመልጠው፤ ለእያንዳንዱ ፍላጻ ልጎንበስ ወይስ ልቁም ብሎ አይወስንም። ውሳኔ የሌለው ሰው አይሸወድም።

እግር ኳስ ይህን ቀድሞ ነው ያወቀው። ፔናልቲ ከሩቅ የሚሰነዘር ምት ነው፣ በረኛው ደግሞ አምላጭ በተቃራኒው። ደንቡ መቺው እየሮጠ ሳለ እንዲሸውድ ይፈቅድለታል፤ ሩጫውን ጨርሶ ኳሱ ጋ ከደረሰ በኋላ ለመምታት አስመስሎ ከቆመ ግን ቢጫ ካርድ ነው። በረኛውም ኳሷ ስትመታ ቢያንስ የአንድ እግሩ ክፍል መስመሩ ላይ ወይም ከመስመሩ ኋላ መሆን አለበት። ሁለቱም ወገን የታሰረበት ገመድ አለ። በ1976ቱ የአውሮፓ ዋንጫ ፍጻሜ ቤልግሬድ ላይ አንቶኒን ፓኔንካ ኳሷን መሐል ላይ ቀስ አድርጎ ሲያነሳት፣ የምዕራብ ጀርመኑ በረኛ አንድ ጎን መርጦ ወድቆ ነበር። መውደቁ ነው ዋጋው፤ ከወደቁ በኋላ መነሳት የለም። ኢግናሲዮ ፓላሲዮስ ኸርታ የተባለ ኢኮኖሚስት በ2003 ባሳተመው ጥናት ከ1,400 በላይ ፔናልቲዎች ቆጥሮ፣ ፕሮፌሽናሎቹ ጎናቸውን የሚመርጡት የጌም ቲዎሪ በሚተነብየው መንገድ እየቀላቀሉ መሆኑን አሳይቷል። ወደ ግራም ወደ ቀኝም የማግባት ዕድላቸው እኩል ገደማ ነው፤ ቀጣዩም ካለፈው አይገመትም።

ስለዚህ ደንቡን እንዲህ ጻፍኩት። ቀስተኛው በወረቀት ቁራጭ ላይ “ልቀቅ” ወይም “ሸውድ” ይጽፋል። ባላጋራው “ቁም” ወይም “ጎንበስ” ይጽፋል። ሁለቱም በመዳፍ ተሸፍነው እኩል ይገለጣሉ። ተለቆ ከቆመ 55፣ ተለቆ ከጎነበሰ 30። ሸውዶ ያኛው ከጎነበሰ ሚዛኑን ይስታል፣ ቀጣዩ ፍላጻ 80። ሸውዶ ያኛው ከቆመ ቀስተኛው ተራው ተቃጠለ፤ ፍላጻው ግን እጁ ላይ ነው፣ ባላጋራውም አንድ እርምጃ ቀረበው።

ስለ “ጎንበስ” አንድ ነገር። መጀመሪያ “ተኛ” ብዬ ነበር የጻፍኩት። ከዚያ በጌሙ ደንብ መሬት የተኛን ሰው ከሩቅ መምታት ይበልጥ እንደሚከብድ ትዝ አለኝ። የተሸወደው ሰው ሊሸለም ነበር! “ተኛ”ን ሰርዤ “ጎንበስ” አደረግኩት። ሌላው ሙከራዬ የጎነበሰ ሰው የራሱን ምት ሙሉ በሙሉ እንዲያጣ ነበር። ኢንጂነሩን በስልክ ጠርቼ ሞከርነው፤ በአስር ዙር አንዴም አልጎነበሰም። “25 በመቶ ለማትረፍ 55 በመቶ የምከፍለው ምን ሆኜ ነው?” አለኝ። ልክ ነው። ዋጋ በጣም ሲወደድም ሽወዳ ይሞታል፣ ነፃ ሲሆንም ይሞታል። አሁን የሚጎነበስ ሰው የሚከፍለው ሪአክሽኑን ነው፤ በዙር አንዴ ብቻ የሚገኘውን ፈጣን ምላሽ። ለአንድ ፍላጻ ከጎነበስክ ለሁለተኛው ቀስተኛ ቆመህ ነው የምትጠብቀው። ተራ ማቃጠልን ደግሞ 20 ነጥብ ያስከፍል ብዬ ሳሰላው፣ ጥሩ ቀስተኛ ከሦስት አንዴ ያህል መሸወድ አለበት። ከዚያ ካበዛው ማንም አያምነውም።

ደንቡን ግሩፑ ላይ አልለጠፍኩትም። ደወልኩላት። ከአዳር ወጥታ ታክሲ ውስጥ ነበረች።

“ተሳስቻለሁ” አልኳት። “ገጸ ባሕርይዋን ልመልስልሽ እችላለሁ። ያን ዙር እንደገና እንጥለዋለን።”

ይህን ለማለት ከኢንጂነሩ ጋር ተጣልቼ ነበር። እሱ “ሕግ ወደ ኋላ አይሠራም” ነው የሚለው፤ ዛሬ አንድ ሞት ከሰረዝክ ነገ ማንም ዳይስ አይፈራም። በልቤ እኔም እስማማለሁ። ኪድላንድና ፕሬስኮት በ1977 የጻፉት ይህንኑ ነው፤ በየጊዜው ምሕረት የሚያደርግ መንግሥት ቃሉን የሚያምንለት ሰው ያጣል። ኖቤል ተሸልመውበታል። ግን እነሱ ቅዳሜ ማታ ወረቀቷን አጥፋ የወጣች ጓደኛ አልነበረቻቸውም።

ትንሽ ዝም አለች። ረዳቱ “ወራጅ አለ?” ሲል ይሰማኛል።

“አትመልሳት” አለች። “ሞታለች በቃ። እኔን የናደደኝ መሞቷ መሰለህ? ሥራ ቦታ ስንት ነገር ‘በደንቡ የለም’ እየተባልኩ ነው የምውለው። አንተም እንደዛ ስትለኝ ነው። ‘ቆይ እንየው’ ብትል ምን ነበረበት?”

የምመልሰው አልነበረኝም። ደንቡን በስልክ አነበብኩላት። ሁለት ጥያቄ ጠየቀች፤ ሁለተኛው ለአንድ ቀን አስቸገረኝ። “ፈረሱስ? ጋላቢው ቢጎነበስ ፈረሱን ብመታውስ?” አሁን ለዚያም አንድ መስመር አለ።

ባለፈው ቅዳሜ መጣች። አዲስ ገጸ ባሕርይ ይዛለች፤ የሟቿ ታናሽ እህት፣ ያቺኑ ቀስት የወረሰች። ሌሊቱን ያልተኛ ሰው ፊት ነበራት። ኢንጂነሩ ቡና እያፈላ ነው። ድልድዩ ጋ ደረስን፤ አለቃው እዚያው ነው፣ ሰዎቹ ከማዶ እየመጡ ነው። ሆን ብዬ አይደለም፣ ወይም ትንሽ ሆን ብዬ ነው። ኮሮጆዋ ውስጥ ሦስት ፍላጻ ነበር፤ ሁለቱን አባከነች።

ወረቀት ቀደድን። ፊቷን አየሁት። ይህች ልጅ ሦስት ሳምንት ሙሉ ስለ ሽወዳ ስትናደድ የቆየች ናት፤ ሽወዳውን ለማግኘት ነው የመጣችው። ትሸውዳለች ብዬ “ቁም” ብዬ ጻፍኩና በመዳፌ ሸፈንኩት። እሷም ጻፈች።

ገለጥን። የእሷ ወረቀት ላይ ያለው “ልቀቅ” ነው።

“አጎቴ ሲጋልቡ ሁለቴ ነው የሚያስመስሉት” አለች ዳይሱን በመዳፏ እያንቀጫቀጨች። “በሦስተኛው ይወረውራሉ። ሁለቱን በስልክ ጨርሼልሃለሁ።”

11 ወጣ። ለመምታት 10 ነበር የሚበቃት። ኢንጂነሩ ጀበናውን ይዞ እንደቆመ፣ “ቆይ፣ ጦር ለሚወረውርም ይሠራል አይደል ይሄ ደንብ?” አለ።